ቀለበት ያላት እርግብ በረንዳችን ላይ አርፋ አልሄድ ብላለች፤ ባለቤቷን እንዴት እናግኝ?

ጥያቄ፦ «ከሦስት ቀን በፊት አንዲት ግራጫ እርግብ በረንዳችን ላይ አረፈች፤ እስካሁን አልሄደችም። በቀኝ እግሯ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት አረንጓዴ ቀለበት፣ በግራ እግሯ ደግሞ ምንም ያልተጻፈበት ወፈር ያለ የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ሰው አትፈራም። ዳቦ በወተት አርሰን ሰጠናት፤ ጥቂት ቀምሳ ተወችው። ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ወርውሬ ለቀቅኋት፤ የጎረቤት ጣሪያ ላይ አርፋ ተመለሰች። ጎረቤቴ በቀለበቱ ላይ ያለው የባለቤቱ ስልክ ነው ቢለኝም ብደውል አይሠራም። ወንድሜ ቀለበቱ ስለሚያስጨንቃት ቆርጠን እናውጣላት ይላል። ልጄ ደግሞ እናሳድጋት እያለች ታለቅሳለች። መንገድ የጠፋባት እርግብ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ከአሁን በኋላ አይወርውሯት፤ ቀለበቱንም ማንም እንዳይቆርጠው። ባለቤቷ ዘንድ የሚያደርስዎ ብቸኛ ማስረጃ እሱ ነው።

ያረፈችብዎ የውድድር እርግብ ናት። በአንድ እግር ጽሑፍ ያለበት፣ በሌላው ጽሑፍ የሌለበት ወፍራም ፕላስቲክ ሲገኝ ብዙ መጠራጠር አያስፈልግም። ፕላስቲኩ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ አለ፤ እርግቧ ከውድድር ተመልሳ ወደ ቤቷ ስትገባ በመግቢያው ላይ ያለው መሣሪያ ቺፑን አንብቦ የደረሰችበትን ሰዓት ይመዘግባል። ስለዚህ በየአደባባዩ ከምናያቸው ባለቤት አልባ እርግቦች አንዷ አይደለችም። ያሳደጋት፣ ያሠለጠናትና ምናልባትም አሁን ሰማይ ሰማይ እያየ የሚጠብቃት ሰው አለ።

«መንገድ የጠፋባት» ያሉትን ግን ላርም። የውድድር እርግቦች በመኪና ተጭነው ከቤታቸው በመቶ፣ አንዳንዴም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ በአንድነት ይለቀቃሉ። አቅጣጫቸውን የሚያገኙት በፀሐይ አቀማመጥ፣ በምድር መግነጢሳዊ መስክና በነፋስ በሚመጣ ሽታ ነው፤ የሚያውቁት አካባቢ ሲደርሱ ደግሞ መንገድንና ወንዝን ሳይቀር ይከተላሉ። አየሩ ሲመች በሰዓት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበርራሉ። ነገር ግን የፊት ለፊት ነፋስ፣ ያልታሰበ ዝናብ ወይም ኃይለኛ ሙቀት ጉልበታቸውን ይጨርሰዋል፤ ጭልፊት መንጋውን ከበተነው ደግሞ አንዷ ለብቻዋ ትቀራለች። በዚህ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ጣሪያ፣ በተለይም ሰው ወዳለበት ትወርዳለች፤ ውኃና እህል ከሰው እጅ ማግኘት ለምዳለችና። በሰው በረንዳ ላይ ከሚያርፉት ብዙዎቹ ቤታቸው የት እንደሆነ ያውቃሉ። የጎደላቸው አቅም ነው። እርስዎ ወርውረው ሲለቋት ጣሪያ ላይ አርፋ የተመለሰችውም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ውርወራ ከቀረቻት ጥቂት ጉልበት ላይ ይቀንሳል፣ ለጭልፊትም ያጋልጣታል።

እንግዲያው የመጀመሪያው ሥራ ባለቤት ፍለጋ አይደለም፤ እሷን ወደ ቤት ማስገባት ነው። ሲመሽ እርግቦች በደንብ ስለማያዩ ያን ጊዜ መያዝ ይቀላል። ቀለል ያለ ፎጣ በቀስታ ጣል ያድርጉባትና ሁለት ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አንድ ላይ ይያዙ። አጥብቀው አይጨብጧት፤ ወፎች የሚተነፍሱት ደረታቸውን ወደ ውጭ እየገፉ ስለሆነ ደረቷ ከታፈነ አየር ያጥራታል። ክዳን ያለው፣ በጎንና በጎኑ ቀዳዳ የተበጀለት፣ ክንፏን ዘርግታ መዞር የምትችልበት ካርቶን ለጥቂት ቀን ይበቃታል። ከሥሩ ጋዜጣ ያንጥፉ፤ ጸጥ ባለ፣ ድመትና ውሻ በማይደርሱበት ክፍል ያኑሩት። ልጅዎ በየደቂቃው ክዳኑን እየከፈተች እንዳታያት ይንገሯት። ለእርግብ ይህ ፍቅር አይደለም፤ ድንጋጤ ነው።

ዳቦና ወተቱን ያቁሙ። ወፎች የወተትን ስኳር መፍጨት አይችሉም፤ ዳቦም ሆዷን ከመሙላት በቀር ያጣችውን ጉልበት አይመልስላትም። ከእህል በፊት ውኃ ይቅደም። እርግብ እንደ ዶሮ ውኃ ጎንጨት ብላ ራሷን ወደ ላይ አታነሣም፤ ምንቃሯን እስከ አፍንጫዋ ሥር ነክራ ትመጥጣለች። በዝርግ ሳህን ላይ በስሱ የተደረገ ውኃ አይጠቅማትም ማለት ነው፤ ጥልቀቱ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆነና የማይገለበጥ ጎድጓዳ ዕቃ ያስፈልጋል። ካላየችው የምንቃሯን ጫፍ በቀስታ ወደ ውኃው ያስነኩላት። በማንኪያም ሆነ በመርፌ ወደ አፏ አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላታል። ከጠጣች በኋላ ያልተፈጨ ደረቅ እህል ይስጧት፦ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ ደረቅ አተር፣ ምስር፣ ደቀቅ ያለ በቆሎ። ያልበሰለ ሩዝ ሆዷ ውስጥ አብጦ ያፈነዳታል የሚባለው ወሬ ነው፤ ያለ ስጋት ትበላለች። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ይጨምሩ። ጤነኛ እርግብ በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም ያህል ይበቃታል። ጨው የነካው፣ የተጠበሰ፣ አቮካዶና ቸኮሌት ፈጽሞ አያቅርቡላት።

አሁን ሁኔታዋን ይመርምሩ። በጣትዎ ደረቷን ይዳስሱ፦ መሐል ላይ ያለው የፍርምባ አጥንት በሁለት በኩል ሙሉ በሆነ ሥጋ ከተከበበ ድካም ብቻ ነው፤ አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ወጥቶ ከተሰማዎት ግን ለቀናት ሳትበላ ቆይታለች፤ አንድ ቀን ዕረፍትም አይበቃትም። ኩሷን ይመልከቱ። ነጭ ቆብ ያለው ጠንከር ያለ ኩስ ደግ ምልክት ነው። ደማቅ አረንጓዴና ውኃ የሆነው ብዙ ጊዜ የባዶ ሆድ ምልክት ሲሆን ከበላች በኋላም ካልተስተካከለ በሽታ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ ክንፎቿ እኩል ታጥፈው ይቀመጣሉ ወይስ አንዱ ይንጠለጠላል? እግሯን ታነክሳለች? አፏን ከፍተው ሲያዩ ጉሮሮዋ ሮዝና ንጹሕ መሆን አለበት።

የሚከተሉት ከታዩ የቤት ውስጥ እንክብካቤ አብቅቷል፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም፣ ቢቻል ወፍ የሚያውቅ፣ ሊያያት ይገባል። በጉሮሮዋ እንደ አይብ ያለ ቢጫ ነገር ከታየ ትሪኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ተሐዋሲ የሚያመጣው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በመድኃኒት ይድናል፤ ከተተወ ግን መዋጥና መተንፈስ ይከለክላታል። አንገቷ ከተጠማዘዘ፣ ራሷ ከተንቀጠቀጠ ወይም እህሉን እያነጣጠረች ከሳተች የእርግብ ፓራሚክሶ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሌሎች ወፎች በፍጥነት ይተላለፋል። አጥንት መሰበርና ደም መፍሰስ እንደማይዘገይ መናገር አያሻም። ሰዎች አቅልለው የሚያልፉት የድመትን ንክሻ ነው። ድመት አፏን ካሳረፈችባት ቁስሉ ባይታይም እንኳ በምራቋ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ወደ ደም ሊገባና በአጭር ጊዜ ሊገድላት ይችላል፤ አንቲባዮቲክ በዚያው ቀን መጀመር አለበት። ከቤት መድኃኒት ሣጥን ውስጥ የሰው ኪኒን ሰባብሮ መስጠት ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አይፈቀድም።

ስለ እናንተ ጤና አንድ ነገር ልበል። እርግብ የተባለ ሁሉ በሽታ ተሸካሚ ነው የሚለው ፍርሃት ተጋንኗል፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት ግን አይደለም። በደረቀ ኩስ ብናኝ አማካኝነት ኦርኒቶሲስ የሚባለው የሳንባ ኢንፌክሽንና አንዳንድ የፈንገስ በሽታዎች ይተላለፋሉ። ስለዚህ ጋዜጣውን በየቀኑ ይለውጡ፤ ኩሱ ከደረቀ በውኃ ሳያርሱ አይጥረጉት፤ ከነኩዋት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በመድኃኒት ወይም በሕመም ምክንያት የመከላከል አቅሙ የቀነሰ ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት እንዲጠርጉ አይደረግ። ዶሮ፣ በቀቀን ወይም ሌላ ወፍ ካላችሁ በአንድ ክፍል አታድርጓቸው፤ ዕቃቸውም አይቀላቀል።

ወደ ቀለበቱ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

አረንጓዴው ቀለበት መጋጠሚያ የሌለው ወጥ ብረት ነው፤ ላዩ በቀለማም ፕላስቲክ ይሸፈናል። የሚገባው ጫጩቷ አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆናት፣ እግሯ ገና ቀጭን ሳለ ነው። እግሯ ካደገ በኋላ ሊገባም ሊወጣም አይችልም፤ ማንም በኋላ ሊለውጠው አለመቻሉ ነው መታወቂያ ያደረገው። በትክክል ስለተለካ አያስጨንቃትም። ወንድምዎ ሊቆርጠው የሚችልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እግሯ ካበጠና ቀለበቱ ሥጋ ውስጥ ከገባ። ያም በሐኪም እጅ፣ ጽሑፉ ከተገለበጠና ፎቶ ከተነሣ በኋላ ይሁን።

በላዩ ያለው የስልክ ቁጥር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ብዙውን ጊዜ የአገሩን ወይም ቀለበቱን ያወጣውን ማኅበር ያመለክታሉ፦ ጂ ቢ ለብሪታንያ፣ ኤን ኤል ለኔዘርላንድስ፣ ዲ ቪ ለጀርመን፣ ኤ ዩ ወይም አይ ኤፍ ለሁለት የአሜሪካ ማኅበራት። ቤልጅየም የአገሯን ስም የመጀመሪያ አራት ፊደሎች ትጽፋለች። ከእነሱ ጋር ያለው ሁለት ወይም አራት አኃዝ የተፈለፈለችበት ዓመት ነው፤ 23 ካለ በ2023 እ.ኤ.አ. ተወልዳለች። ሌላው የክለብ መለያና ተራ ቁጥር ነው። ዓመቱ የዘንድሮ ከሆነ ገና የመጀመሪያ ወቅቷን የምትበር ለጋ ናት፤ ከመንገድ የሚቀሩትም በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። ጽሑፉን ሲያነቡ ቀለበቱን በእግሯ ዙሪያ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ በሁሉም አቅጣጫ ተጽፎ ይሆናልና። በጥሩ ብርሃን ከየጎኑ ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ላይ አስፍተው ያንብቡት። ዜሮንና «ኦ»ን፣ አንድንና «አይ» የሚባለውን ፊደል እየለዩ እያንዳንዱን ምልክት በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ በአንድ አኃዝ ስሕተት የሌላ ሰው እርግብ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

ከዚያ ክንፏን እንደ ማራገቢያ በቀስታ ይዘርጉት። አንዳንድ ባለቤቶች በረጃጅሞቹ የክንፍ ላባዎች ላይ ስልካቸውን በማኅተም ያትማሉ። ጎረቤትዎ የነገረዎት ስልክ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። የፕላስቲኩ ቺፕ ግን በእጅ ስልክ ተነብቦ የባለቤቱን ስም አይነግርዎትም፤ በእሱ ጊዜ አያጥፉ።

ፊደሎቹ የጠቆሙትን የእርግብ ማኅበር ፈልገው ቁጥሩን ያሳውቁ። ትልልቆቹ ማኅበራት የጠፋ እርግብ ማሳወቂያ ገጽ ወይም ስልክ አላቸው፤ ቁጥሩን ሲቀበሉ ከመዝገባቸው ባለቤቱን ራሳቸው ያገኛሉ፤ አድራሻውን ለእርስዎ ላይሰጡ ይችላሉ፤ አይቀየሙ። ምላሽ ከዘገየ በአካባቢው ያለ የውድድር ክለብ ወይም እርግብ አርቢ ፈጣኑ መንገድ ነው፤ አንድ አርቢ ሌላውን ያውቃል። ቀለበቱ ማንን እንደሚጠቁም ግን አይሳቱ፤ መዝገቡ የሚያውቀው መጀመሪያ ያስመዘገበውን ሰው ነው። እርግቧ ተሽጣ ዝውውሩ ካልተመዘገበ የሚያገኙት የቀድሞው ባለቤት ይሆናል፤ ለማን እንደሸጣት ይጠይቁት። ጽሑፉ ተራ ቁጥር ብቻ ከሆነና ቀለበቱ ተከፍቶ የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አርቢው ለራሱ መለያ ያደረገው ነውና በየትኛውም መዝገብ አይገኝም።

ማስታወቂያ ካወጡ ፎቶዋንና ያረፈችበትን ሰፈር ይግለጹ፤ ሙሉ ቁጥሩን ግን አይለጥፉ። «የእኔ ናት» ያለ ሰው የመጨረሻዎቹን አኃዞች ራሱ ይንገርዎት። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ኒው ኪም የምትባል የቤልጅየም የውድድር እርግብ በጨረታ 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ከተሸጠች ወዲህ ቀለበት ያላትን ሁሉ ሀብት አድርጎ የሚያይ በዝቷል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ የብዙዎቹ ዋጋ የማጓጓዣቸውን ወጪ እንኳ አይሸፍንም።

ይህም ወደማያስደስተው ነገር ያመጣኛል። ባለቤቱ ተገኝቶ ደስ ላይለው ይችላል። ብዙዎቹ አመስግነው ራሳቸው ይመጣሉ፣ ወይም ሕያው እንስሳ የሚያጓጉዝ ድርጅት በወጪያቸው ይልካሉ። አንዳንዱ ግን «ከውድድር የቀረች እርግብ አትጠቅመኝም» ይላል፤ ከተመለሰች በኋላ የሚያርዳትም አለ። ስለዚህ አድራሻዎን ከመስጠትዎ በፊት «ስትመለስ ምን ያደርጓታል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። በአብዛኛው አገር እርግብ ንብረት ናት፤ ባለቤቱ አምጧት ካለ ይህች የእኔ ናት ብሎ መከልከል አይቻልም። አልፈልጋትም ካለ ግን መልቀቁን በጽሑፍ፣ አጭር የስልክ መልእክትም ቢሆን፣ ይቀበሉ፤ የዝውውር ወረቀት ካላት ይላክልዎ። በኋላ ሐሳብ የሚለውጥ ሰው ሞልቷል።

ሌላው የሚነግሩዎት «አብሏትና ልቀቋት» ነው። ይህ ለጤነኛ የውድድር እርግብ ትክክለኛ ምክር ነው፤ ጊዜውና አለቃቀሱ ከተጠበቀ። ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ካረፈች፣ ደረቷ ከሞላ፣ በክፍል ውስጥ ከፍ ብላ መብረር ከቻለች በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋሱ በቀለለበት ጠዋት ትለቀቃለች። ጭጋግ፣ ዝናብና ከሰዓት በኋላ አይሆንም፤ ሳይመሽባት የምትሄድበት ረጅም ቀን ያስፈልጋታል። ዛፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ በሌለበት ሜዳ ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ይክፈቱና ይራቁ፤ ራሷ ስትፈልግ ትነሣ። ጥቂት ዞራ አቅጣጫ ከያዘች ሄደች። ከተመለሰች ገና አልበረታችም፤ እንደገና ያስገቧት። ባለቤቱ ሳይታወቅ መልቀቅ ካለብዎ በስስ ወረቀት ላይ ስልክዎን ጽፈው በቀለበቱ ላይ፣ ቆዳዋን ሳይነካ፣ ቀለል ባለ ማጣበቂያ ያያይዙ። ወደ ቤቷ ብቻ ስለምትሄድ የደረሰች እንደሆነ ባለቤቷ ይደውላል።

ይህ ግን ለውድድር ዝርያ ብቻ ነው። እንደ እርስዎ ያለ ነገር የገጠማቸው ሌሎች አንባቢዎችም ይኖራሉና ልብ ይበሉት፦ ጭራዋ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ እግሯ በላባ የተሸፈነ፣ ምንቃሯ እጅግ ያጠረ ወይም ዶሮ የምታክል የጌጥና የሥጋ እርግብ ቤቷን ፈልጋ የማግኘት ችሎታዋ ደካማ ነው ወይም የለም፤ መልቀቅ ለአዳኝ አሳልፎ መስጠት ነው። በሰርግ የምትለቀቀው ትንሿ ነጭ ዋኖስ መሰል ወፍም እንዲሁ፤ ከእርግብ በጣም ታንሳለች፣ በቤት ተወልዳ የኖረች ናትና ወደ የትም አትመለስም። ራሷ ላይ ቢጫ ጸጉር መሰል ላባ ያለባትና የምትጮኽ ጫጩት ደግሞ ራሷን መመገብ ስለማትችል ወዲያውኑ የሚያሳድጋት ሰው ያስፈልጋታል። እነዚህን ሁሉ ቤት የሚሆን ሰው እስኪገኝ ያዟቸው።

ስለ ልጅዎ። ባለቤቱ ከለቀቃት ማሳደግ ይቻላል፤ ነገር ግን ጎልማሳ የውድድር እርግብ የመጀመሪያ ቤቷን አትረሳም። ከወራት በኋላ በሩ ክፍት ካገኘች ልትሄድ ትችላለች፤ ስለዚህ ዕድሜዋን በሙሉ ሰፊ በሆነ የታጠረ ቦታ ውስጥ ትኖራለች እንጂ እንደ ድመት ወጥታ አትገባም። ብቻዋንም አትሆንም፤ እርግብ ጥንድ የምትፈጥር ወፍ ናት። በመልካም አያያዝ ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፤ ልጅዎ ትምህርቷን ጨርሳ ከቤት ከወጣች በኋላም እህል የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ አሁኑኑ ይወስኑ። ይህ የማይሆንላችሁ ከሆነ፣ በበረንዳ ለሚኖር ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም፣ ጥሩ ማደሪያ ላለው አርቢ ይስጧት።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው፦ ዛሬ ማታ ይዘው ያስገቧት፤ ውኃና እህል ይስጧት፤ ቁጥሩን አንብበው ነገ ጠዋት ለማኅበሩ ያሳውቁ። ባለቤቱ እስኪናገር ወይም ሁለት ሳምንት በከንቱ እስኪያልፍ ድረስ አይልቀቋት፣ ለሌላም አይስጧት። በመካከሉ ከበሽታው ምልክቶች አንዱን ካዩ የባለቤቱን መልስ አይጠብቁ፤ የሐኪሙን ደረሰኝ ብቻ ያስቀምጡ፤ ጨዋ ባለቤት ከሆነ ይከፍላል።